አሥራ ሁለት ብልት ለሁለት ሰው

የፋሲካን ሌሊት በገዛ ቤታችን፣ ሁለት ሆነን እንፈስክ የሚል ሐሳብ ባነሳን ቁጥር የሚመጣልን መልስ ሁለት ዓይነት ነው። እናቶች “ምን ሆናችሁ? ከማን ተጣላችሁ?” ይላሉ። ጓደኞች ደግሞ “ለሁለት ሰው ብሎ ዶሮ የሚሠራ ማነው?” ብለው ይስቃሉ። ሁለቱም መልሶች የሚነሱት ከአንድ ቦታ ነው፤ በዓል ማለት ብዙ ሰው፣ ብዙ ድስት ማለት ነው ከሚለው። እኛ ግን ከሐሳባችን ንቅንቅ አንልም። ጎጆ የወጡ ሁለት ሰዎች፣ ልጅ ኖራቸውም አልኖራቸው፣ ያችን ሌሊት በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ድስት ቢፈስኩ መልካም ነው እንላለን። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለን፤ ዶሮውን የሠራው ሰው ማዕዱ ሲቀርብ ነቅቶ፣ ተቀምጦ፣ በአግባቡ ይብላ። (“ሰው” ያልነው ለጨዋነት ነው። ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን።)

እስቲ የምናውቀውን እንነጋገር። ሚስት ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ስትሠራ ሰንብታለች። ሐሙስ ማታ ከታክሲ ወርዳ የጎደለውን ቅመም ስትለቃቅም ታመሻለች። ዓርብ ስቅለት ነው፣ ስትሰግድ ትውላለች። ቅዳሜ ከማለዳው ጀምሮ ሽንኩርት! ዶሮ መገነጣጠል፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ፣ ቁሌቱ እንዳያርር ከድስቱ ሥር አለመጥፋት፤ በዚያ ላይ ቤት ማጽዳት፣ መጋረጃ መቀየር፣ ቄጤማ መጎዝጎዝ። ይህ ሁሉ በጾም፣ በባዶ ሆድ መሆኑን ልብ በሉ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ወይም አቅቷት ትቀራለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ድስቱ ሲከፈት ሁለት ጊዜ ጎርሳ “ጠገብኩ” ትላለች። አልጠገበችም፤ ደክሟታል። ባል ግን ዶሮዋን ካረደባት ሰዓት በኋላ የነበረው ሥራ “ደረሰ ወይ?” እያለ መጠየቅ ነበርና ምግብ ፍላጎቱ ሙሉ ነው።

እናቶቻችን እንዲህ ነው የኖሩት። እነርሱ ግን ቢያንስ ሽንኩርት የምትልጥ እህት፣ እሳት የምትቆሰቁስ የአክስት ልጅ፣ “እስቲ ልርዳሽ” ብላ የምትገባ ጎረቤት ነበረቻቸው። ጀሞ ወይም ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሙሽራ ያላት ረዳት አንድ ባል ብቻ ነው። ስለዚህ እሱኑ መጠቀም የግድ ነው።

አሁን ወደ ዶሮዋ እንምጣ። በወጉ አንድ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣታል፤ ከብልቶቹ ጋር አሥራ ሁለት እንቁላል። ይህ ስሌት የተሠራው ለትልቅ ቤተሰብ ነው። ፈረሰኛው የአባወራው ነው፤ መላላጫው ለተከበረ እንግዳ ይወጣል፤ ክንፍና አንገት ወደ ልጆች ይወርዳል። እናት የቱን ብልት ትበላ ነበር? ብለን እርስ በርስ ተጠያየቅን። አንዱ “መረቁን በእንቁላል” አለ። ሌላዋ “የተረፈውን” አለች። የቀረነው ዝም አልን።

ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ቤት ይህ ድልድል አይሠራም፤ እንደ አዲስ መደልደል አለበት። የእኛ ምርጫ እንዲህ ነው፤ ፈረሰኛው ቁሌቱን ላቁላላው ሰው። ለሌሊቱ ማዕድ አራት ብልት፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት። ሁለት ብልት ከእንቁላል ጋር ለሕንፃው ጥበቃ፤ ሰውየው ያችን ሌሊት ከገዛ ቤተሰቡ ተለይቶ በር ላይ ነው የሚያድረው። ሁለት ብልት ለፊት ለፊት ጎረቤት። የቀሩት አራቱ ሰኞና ማክሰኞ ከሥራ ስትመለሱ ይጠብቋችኋል። ሰኞ የሥራ ቀን መሆኑን አትርሱ፤ በመንግሥት በዓልነት የሚታወቁት ስቅለትና እሑዱ ናቸው። ደግሞ ዶሮ ወጥ ሲያድር ይብሳል እንጂ አይከፋም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም “ጾም ሳይገባ እንጨርሰው” ብሎ መጨናነቅም የለም። እንቁላሉንም አሥራ ሁለት አታድርጉት፤ በዚህ ድልድል ስምንት ይበቃል። አራቱ ለሌላ ቀን ቁርስ ይሁኑ።

ሽንኩርት ላይ ግን አትቆጥቡ። ለአንድ የሐበሻ ዶሮ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት። ተከትፎ ድስት ሲሞላ ያስደነግጣል፤ ሲበስል ግን ተሰብስቦ እዚያች ጥግ ይቀመጣል። መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ መካከለኛ እሳት ላይ፣ ውኃው እስኪመጥና ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስ ማቁላላት፤ ሊይዝ ሲል የፈላ ውኃ ጠብ ማድረግ። ከዚያ ዘይት፤ ከዚያ በርበሬ፤ ከበርበሬው ጋር ደግሞ ትዕግሥት። በርበሬው ሳይበስል ዶሮ የሚጨምር ሰው ወጡን ሳይሆን ሆዱን ነው የሚያቃጥለው። ነጭ ሽንኩርቱም ዝንጅብሉም የሚገባው እዚህ መሀል ነው። ብልቶቹ የሚገቡት ቁሌቱ ከድስቱ ግድግዳ መላቀቅ ሲጀምርና ዘይቱ ብቅ ሲል ነው። ሐበሻ ዶሮ ሥጋዋ ጠንካራ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድባት ይችላል። የፈረንጅ ዶሮ ከሆነ በቶሎ ስለሚፈራርስ ዘግይቶ ይግባ፤ ማማሰያም አታብዙበት።

ሽንኩርቱን በማሽን ብንፈጨውስ? የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይነሳል። ይቻላል። ግን የተፈጨ ሽንኩርት ውኃ ያዝላል፤ በመክተፍ ያተረፋችሁትን ሰዓት በማድረቅ ትከፍሉታላችሁ፣ ወጡም አጥሚት አጥሚት ይላል። የእኛ ምክር ሌላ ነው፤ ሁለት ቢላ፣ ሁለት መክተፊያ፣ አንድ ሬዲዮ። (በሰሙነ ሕማማት ሬዲዮው የሚያሰማው በገና ነው፤ ለሽንኩርት ይስማማል።) ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ለሁለት ሰው ሲካፈል አንድ አንድ ኪሎ ይደርሳል። ካልተካፈለ አንደኛው ሁለት ኪሎ፣ ሌላኛው ዜሮ። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ያገቡ ሰዎች ግን በየዓመቱ የሚወድቁበት ሒሳብ ነው።

ከዚህ በፊት ግን ቀን መቁጠሪያውን አንሡ። ፋሲካ እንደ ገና ቁርጥ ያለ ቀን የለውም። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። (በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጸደይ የሚባለውም ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው። ጸደይን ከአደይ አበባ ጋር አያይዘን የተማርን ሰዎች ግራ የምንጋባው እዚህ ላይ ነው።) በ2016 ሚያዝያ 27 ነበር፤ በ2017 ሚያዝያ 12፤ የ2018ቱ ሚያዝያ 4፣ የ2019ኙ ደግሞ ሚያዝያ 24 ነው። ለሊቃውንቱ የአጽዋማትና የበዓላት ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ለደመወዝተኞቹ የኪስ ጉዳይም ነው። ሚያዝያ 4 ሲሆን የመጋቢቱ ደመወዝ ገና ትኩስ ነው። ሚያዝያ 24 ሲሆን የመጋቢቱ ካለቀ ሰንብቷል፣ የሚያዝያው ገና አልመጣም። ስለዚህ በርበሬ፣ ኮረሪማና ቅቤ የመሳሰሉት ከሁለት ከሦስት ሳምንት በፊት ይገዙ። ቅቤ ሾላም ይገዛ መርካቶ፣ ከምታውቁት ሰው ይሁን፤ በበዓል ሰሞን ከባዕድ ነገር ጋር የተደባለቀ ቅቤ እንደሚሸጥ በየዓመቱ የምንሰማው ነገር ነው። ሽንኩርትም አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ለሁለት ሳምንት አይበላሽም፤ የመጨረሻው ሳምንት ዋጋ ግን ሲታይ ያስለቅሳል፣ ሳይከተፍ።

ለመበደር የሚያስገድድ ነገር ካለ ከዝርዝሩ ይሰረዝ። ይህን የምንለው ለበግ ነው። ለሁለት ሰው በግ! ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ታስሮ ሁለት ሌሊት ሲጮህ ያደረ በግ ያየ ሰው ምን ማለታችን እንደሆነ ይገባዋል። በጉን መግዛት ብቻ አይደለም፤ ማረድ፣ መግፈፍ፣ ሆድ ዕቃ ማጠብ፣ ሥጋውን በትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ለማስቀመጥ መታገል አለ፤ ሆድ ዕቃውን የምታጥበው ደግሞ አሁንም እሷ ነች። ሥጋ ካማራችሁ ቅርጫ አለላችሁ። የሕንፃው ነዋሪዎች ተዋጥተው በሬ ሲገዙ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፋፈልና ዕጣ ይወጣል፤ ሁለት ሰው ከሌላ ጎረቤት ጋር ሆኖ አንድ መደብ ለሁለት መካፈል ይችላል። ከሳንባም፣ ከጉበትም፣ ከጎድንም ትንሽ ትንሽ ይደርሳችኋል። አዲስ ለገባችሁበት ሰፈር ደግሞ ከቅርጫ የተሻለ መተዋወቂያ የለም፤ ደረጃ ላይ ሰላም ተባብላችሁ የማታውቁት ሰው ቅዳሜ ጠዋት ከጎናችሁ ቆሞ ስለ ሽንጥ ሲከራከር ታገኙታላችሁ። ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ለእርድ የሚሆን የጋራ ቤት ተሠርቶላቸዋል፤ ዶሮዋም እዚያው ትታረድ እንጂ መታጠቢያ ቤታችሁን አታቆሽሹ። አርዶ የማያውቅ ወንድም ደግሞ የሚያውቅ ጎረቤት ይጥራ። ነውር የለውም። ነውሩ ዶሮዋን ማሠቃየት ነው።

ሰዓቱን እንዲህ እናድርገው። ሐሙስ ማታ ሽንኩርቱ ተልጦ ተከትፎ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ፍሪጅ ይገባል። የስቅለት ጉልባንም ሐሙስ ይቀቀላል። ዓርብ ወጥ ቤት ዝግ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ ይቁላላል፤ አንዱ ሲያማስል ሌላው ዶሮ ያጥባል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ቢበዛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ድስቱ ይወርዳል። ቀዝቀዝ ሲል ፍሪጅ ይገባል። ንጥር ቅቤውንና መከለሻውን አሁን አትጨምሩት፤ ለሌሊት አቆዩት። እንቁላሉም ተቀቅሎ ይቀመጥ። መብራት ሊሄድ ስለሚችል (ለበዓል ይሄዳል፣ ለምን እንደሆነ አንጠይቅም) ከሰልና ምድጃ ይኑራችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር በዕቅዱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ዋነኛው ነው፤ ከ10 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት እንቅልፍ። የሁለታችሁም። ስልክ ይጠፋል። መጋረጃ ያልታጠበ እንደሆነ አልታጠበም። በፋሲካ ሌሊት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መጋረጃ የሚያይ ሰው የለም።

ቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ ወጡ እሳት ላይ ይወጣል፤ ፈልቶ ሲንተከተክ ቅቤው፣ ኮረሪማው፣ እንቁላሉ። ያ ሽታ ከሃምሳ አምስት ቀን በኋላ ደረጃውን ወርዶ ሕንፃውን ሲያዳርስ፣ ከታች ደግሞ የሌሎቹ ሽታ ሲመጣ… ይህንን ለማብራራት አንሞክርም።

አንድ ችግር ግን አለ፤ ጨው። ቅዳሜ ጾም ነች። ከዓመቱ ቅዳሜዎች ሁሉ የምትጾመው እሷ ብቻ ስለሆነች “ቀዳም ስዑር” ትባላለች። እናም ወጡን የሚሠራው ሰው መቅመስ አይችልም። ትልልቅ ቤቶች ውስጥ የማይጾም ሕፃን ይጠራና “በቃው ወይስ ይጨመር?” ይባላል፤ ልጁም በዚያች ደቂቃ የቤቱ ዳኛ ይሆናል። ሁለት ሰው ብቻ ያለበት ቤት ዳኛ የለውም። እናቶች ዕድሜ ልካቸውን በሽታ ሲለኩ ኖረዋል፤ እኛ ገና ነን። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከምታስቡት ጨው ግማሹን ብቻ ጨምሩ፤ የቀረውን ሌሊት ወጡ ሲሞቅ፣ ሁለታችሁም አንድ አንድ ጊዜ ቀምሳችሁ፣ ተከራክራችሁ ጨምሩት። የጎረቤት ልጅ መዋስም ይቻላል።

ስለ ሆዳችሁም አስቡ። ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮና ጎመን ሲቀበል የኖረ ጨጓራ በአንድ ሌሊት ዶሮ፣ ጥብስ፣ ክትፎና ጠጅ ሲወርድበት ያምፃል። ብዙ እናቶች ከመፈሰክ በፊት ተልባ የሚያጠጡት ያለ ነገር አይደለም። ለሌሊቱ ማዕድ ዶሮ፣ አይብና እንጀራ በቂ ናቸው። ጥብሱ እሑድ ምሳ ይደርሳል፤ ክትፎውም የትም አይሄድም። እንጀራ ግዙ፤ በዚህ ላይ ማንም አይፍረድባችሁ። ድፎ ዳቦ የሰፈር ዳቦ ነው፤ ለሁለት ሰው በትንሽ መጥበሻ፣ በኮባ ተጠቅልሎ ቢደፋ ይበቃል፤ አለበለዚያም የእናታችሁን ድፎ እሑድ ትቆርሳላችሁ። ጠላ ለመጥመቅ ጋንም ጊዜም ያስፈልጋል፤ ከእናት ቤት አንድ ትንሽ ጀሪካን ማምጣት ግን ጥንታዊ መብታችን ነው። ጠጅ ከሆነ አንድ ጠርሙስ። ሁለት ጠርሙስ የገዛ ሰው ለጎረቤት እንጂ ለሁለት ሰው አላቀደም።

እናቶች! ከባዱ ክፍል ይኸ ነው። “ሌሊቱን ቤታችን ነን” ሲባሉ የሚሰማቸው ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ አናቃልለውም። ሃያና ሠላሳ ዓመት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እየቀሰቀሱ ያጎረሷቸው ልጆች ናቸው የቀሩት። “ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” የሚለውም ተረት ከአፋቸው አይርቅም። ሁለት ሰው ብቻውን አይደለም ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ግን ክርክር ማሸነፍ እናትን አያስደስትም። የተሻለው ቁርጥ ያለ ቀጠሮ ነው። እሑድ ምሳ አንደኛው ቤት፤ በሳምንቱ ዳግማይ ትንሣኤ ሌላኛው ቤት፤ በቀጣዩ ዓመት ተራው ይገለበጣል። ባዶ እጅ ደግሞ አይኬድም። አክፋይ የሚባል ወግ አለን፤ ጎጆ የወጣ ልጅ ለፋሲካ ለወላጆቹና ለአማቾቹ ዳቦውን፣ ዶሮውን፣ የቻለም ሙክቱን ይዞ የሚሄድበት። ይህ ወግ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ፤ አክፋይ ይዞ የሚሄድ ሰው የራሱ ምድጃ ያለው ሰው ነው። ሌሊቱንም እዚያው እናት ቤት ያደረ ልጅ ከየት አምጥቶ ነው የሚያከፍለው? ከዚያው ከእናቱ ድስት?

የእኛ ዶሮ ደግሞ የእናቶቻችንን አይሆንም። ያን እናውቃለን። ግን ዶሮ ወጥ የሚለመደው በመሥራት ነው፤ በየዓመቱ የእናት ቤት የበላ ሰው እናቱ የደከመች ቀን ቤቱ ፋሲካ የለም። ቁሌቱን በስልክ እየጠየቃችሁ ሥሩ። “እማዬ፣ መልኩ ጠቁሯል፣ ምን ላድርግ?” ተብላ የተጠየቀች እናት ቅሬታዋ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጠያቂው ወንድ ልጇ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ትስቃለች፣ ቀጥላ ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች።

አንደኛው የሚጾም፣ ሌላኛው የማይጾም ሆኖ የተጋቡም አሉ በመካከላችን። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ጴንጤ፤ ቀኑ አንድ ነው፣ መንገዱ ሌላ። ለእነርሱ የምንለው ትንሽ ነው፤ የማይጾመው ሰው ቅዳሜ ዕለት የጨው ዳኛ ይሁን (ዕድለኛ ቤት ነው!)፣ ሌሊት ደግሞ የሚጾመው ሰው ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለስ ድስቱን አይክፈት። አሙቆ ይጠብቅ።

ውጭ ያላችሁትም አልተረሳችሁም። በዋሽንግተንና በአካባቢው ላለ ጥንድ የመጀመሪያው ጠላት የጭስ ማንቂያው ነው፤ በርበሬ ሲቁላላ መስኮት ክፈቱ፣ ማራገቢያውን አስነሡ። ሁለተኛው ጠላት ቀኑ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2025 ሁለቱ ፋሲካዎች ኤፕሪል 20 ላይ ገጥመው ነበር፤ በ2024 ግን የእነርሱ ማርች 31፣ የእኛ ሜይ 5 ነበር፤ አለቃ “ፋሲካ አልፎ የለም እንዴ?” ሲል ይሰማል። ሳዑዲ ያላችሁት ደግሞ እሑድ ራሱ የሥራ ቀን ነው፤ ፈቃድ ካልተገኘ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማዕድ ቀጥታ ወደ ሥራ ነው። እዚያ ላይ ከቅዳሜ ከሰዓት በኋላዋ እንቅልፍ የበለጠ ወርቅ የለም። ዶሮው በደንብ ከተሠራ ፍሪዘር ውስጥ ይቆያልና ሳምንት ቀደም ብሎ ሠርቶ ማስቀመጥም አንድ መላ ነው፤ በእርግጥ ያኔ ሳትፈስኩ አጠገቡ ሳምንት ማደራችሁ ነው። እሱን እናንተ ከቻላችሁት።

ማዕዱ እንግዲህ ይህን ይመስላል፤ ወለሉ ላይ ቄጤማ፣ መሶብ ካለ መሶብ፣ ከሌለ ትሪ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ጧፍ ጠረጴዛ ላይ። አንድ ትሪ፣ ሁለት ሰው። ሳህን ለየብቻ አታድርጉ፤ ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን እንዳልበላ ይታያል። መጀመሪያ ሠሪዋን ያጉርሷት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? ሁለት ይሁን። ስትበላም ማንም “እንጀራ አነሰ፣ ውኃ አምጪ” ብሎ አያስነሣት፤ ውኃው አስቀድሞ ይቀመጥ፣ እንጀራውም በእጅ የሚደርስ ቦታ ይሁን። ቡናው ሲነጋ ይፈላል፣ ያን ጊዜ ጎረቤት ይጠራ፤ ሁለቱ ብልትም አብሮ ይወጣል።

ዕቃው እሑድ ማታ ይታጠባል፤ እሱ ነው የሚያጥበው። የሽንኩርቱ ልጣጭና የዶሮዋ ላባ ያለበት ፌስታልም አለ፤ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ቶሎ ካልወረደ ደግሞ ይሸታል። ወንድሜ፣ ጥበቃው ጋ ሳህኑን ይዘህ ስትወርድ ፌስታሉንም በሌላኛው እጅህ ያዘው።